ያለ ወረቀት መኪና ጋራዥ አይግባ!

የተከበራችሁ የሠፈራችን ነዋሪዎች፤ ባለ ባጃጆች፣ ባለ ሚኒባሶች፣ ባለ አይሱዙዎች፤ እንዲሁም የራሳችሁ መኪና ባይኖራችሁም በሰው መኪና የምትሳፈሩ፣ ልጆቻችሁን በባጃጅ ትምህርት ቤት የምትልኩ ወላጆች ሁሉ!

በወልዲያም፣ በመርሳም፣ በመላው ሀብሩም ሥር የሰደደ አንድ መጥፎ ልማድ አለ። ሰው በሬ ሲገዛ ጥርሱን ፈልቅቆ ያያል፤ ዋስ ይጠራል፤ ምስክር ያቆማል። ያው ሰው ከበሬው ብዙ እጥፍ ዋጋ ያወጣበትን መኪና ወደ ጋራዥ ሲያስገባ ግን ቁልፉን አቀብሎ «እስቲ እያት፣ ድምፅ አላት» ብሎ ይሄዳል። ምን እንዲሠራ እንዳዘዘ አልተጻፈም። በስንት ብር እንደተስማሙ አልተጻፈም። የትኛው ዕቃ ወጥቶ የትኛው እንደገባ አልተጻፈም። መኪናው በምን ሁኔታ ገብቶ በምን ሁኔታ እንደወጣ የሚያውቅ ከፈጣሪ በቀር የለም።

ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ለፍሬን የገባው ባጃጅ በሌላ በኩል ተበላሽቶ ይወጣል። ለዘይት ቅያሪ የገባው ሚኒባስ በሳምንቱ ዘይት ያንጠባጥባል፤ በወሩ ሞተሩ ይወርዳል። ባለንብረቱ ተመልሶ ሲጠይቅ «እኔ የነካሁት ሌላ፣ የተበላሸው ሌላ» ይባላል። ጭቅጭቅ ይነሣል፤ ሽማግሌ ይገባል፤ በመጨረሻም «ተዉት እንግዲህ፣ አብራችሁ የምትኖሩ ሰዎች ናችሁ» ተብሎ ይታለፋል። ታለፈ የተባለው ለጋራዡ ነው። ለባለንብረቱ ምንም አልታለፈለትም፤ መኪናው ቆሟል፤ የብድሩ ቀን ግን ቆሞ አይጠብቀውም።

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። የዚህ ጽሑፍም ነገሩ ይኸው ነው። ጥገና ውል ነው፤ ውሉ በወረቀት ይስፈር፤ የወለቀውም አሮጌ ዕቃ ለባለቤቱ ይመለስ። ይህን እንቢ የሚል ጋራዥ ሥራችንን አያግኝ። ይህን ሳይጠይቅ ቁልፉን የሚያስረክብ ባለመኪናም በኋላ «ተበደልኩ» ሲል የሚረዳው እንደማያገኝ ከወዲሁ ይወቀው።

በየጋራዡ የምንሰማቸው አራት መልሶች

አንደኛው መልስ «መኪናው ያረጀ ነው» የሚለው ነው። ታዲያ መካኒኩ ሲረከበው ማርጀቱን አላየም ነበር? እርጅና ጥንቃቄን ይጨምራል እንጂ ይቅርታ አያሰጥም። ሐኪም «በሽተኛው ሽማግሌ ስለነበሩ መቀሱን ሆዳቸው ውስጥ ረሳሁት» ቢል ማን ይሰማዋል? ደግሞስ አሮጌውን ጥለን አዲስ እንግዛ ብንል ከየት? በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። ስለዚህ በእጃችን ያለው አሮጌ መኪና ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግለን ነው። አሮጌ መኪና ያለው ሕዝብ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው በሥነ ሥርዓት የሚጠግን ጋራዥ ነው።

ሁለተኛው መልስ «መንገዱ ነው» የሚለው ነው። ከከተማችን መንገዱ በሦስት ወገን ይወጣል። አንዱ በስሪንቃ፣ በመርሳና በውርጌሳ በኩል ወደ ደሴ፤ አንዱ በጎብዬ በኩል ወደ ቆቦ፤ አንዱ ደግሞ ቻይናዎች በሠሩት መንገድ በድልብ በኩል ሽቅብ ወደ ጋሸናና ወደ ወረታ። ዳገቱም ቁልቁለቱም ትላንት የመጣ አይደለም። የአይሱዙ ፍሬን የሚሠራ መካኒክ መኪናው እህል ጭኖ ያንን ቁልቁለት እንደሚወርድ ሲሠራው ያውቃል። መንገድ በጊዜ ብዛት ዳዶ ሊያላላ ይችላል፤ ከጋራዥ በወጣ በማግሥቱ ጎማ ሲወልቅ ግን መንገዱን ከመክሰስ በፊት ዳዶው ማን አጥብቆት እንደነበረ መጠየቅ ይገባል።

ሦስተኛው መልስ «ዕቃው ነው፣ የረከሰ ዕቃ አምጥተህ» የሚለው ነው። እዚህ ላይ ጥፋቱ የሁለት ወገን ነው። ከእኛ ወገን «ኦሪጅናሉ ተወደደ፣ ያችን ርካሿን ግባ» የሚል ሰው ሞልቷል። ርካሽ ሥጋ ሲበሉት ይጎፈንናል ይባል የለም? ይሁን እንጂ ባለሙያ የሚባለው ዕቃው እንደማይሆን ሲያውቅ «ይኸ አይሆንም፣ ከገባም በአንተ ኃላፊነት ነው» ብሎ የሚጽፍ ነው። ዝም ብሎ ከገጠመው በኋላ «ዕቃው ነው» ማለት አይችልም። መካኒኩ ራሱ «እገሌ ሱቅ ሂድና ግዛ» ብሎ ልኮ ከሱቁ ኮሚሽን የተቀበለበት ከሆነማ ነገሩ ሌላ ነው። ያን ጊዜ ዕቃውን መራጩም፣ ተጠቃሚውም፣ ገጣሚውም እሱው ነው።

አራተኛው መልስ «ልጁ ነው የሠራው፣ እኔ አልነበርኩም» የሚለው ነው። ለማጅ መኖሩ መልካም ነው፤ ሁሉም ባለሙያ ለምዶ ነው ባለሙያ የሆነው። ለማጅ ግን ዘይት ያፍስስ፣ ጎማ ያውርድ፤ ፍሬንና መሪ ሲሠራ ዋናው መካኒክ ቆሞ ይይ። ሒሳቡን የተቀበለ ሰው ኃላፊነቱንም ተቀብሏል። ልጁን የቀጠረው ባለመኪናው አይደለም።

ስህተቱ ተደብቆ ይቆያል

የጥገና ስህተት ክፋቱ ያን ዕለት አለመታየቱ ነው። የዘይት ማፍሰሻው ቡሎን ከልክ በላይ ሲጠብቅ ጥርሱ ይበላል። መኪናው ከጋራዥ ሲወጣ ደህና ነው፤ ዘይቱ ጠብ ጠብ እያለ ያልቃል፤ ከዚያ ኩሽኔታው ያለ ዘይት ይፋተጋል፤ ሞተሩም ግሎ ተጣብቆ ይቆማል። የአንዲት ቡሎን ጥፋት የሞተር ዋጋ አስከፈለ ማለት ነው።

የሞተር ክዳኑን፣ ማለትም ቴስታታውን፣ አውርዶ የሚገጥም መካኒክ ቡሎኖቹን በታወቀ ቅደም ተከተልና በተለካ ኃይል ማጥበቅ አለበት። በግምት ካጠበቃቸው ቴስታታው እኩል አይቀመጥም፤ ጓርኒሲዮኑ ይቃጠላል፤ ውኃና ዘይት ይቀላቀላሉ። ይህም በዕለቱ አይታይም፤ ከሳምንት በኋላ ዳገት ላይ ነው የሚታየው።

የፍሬኑ ጉዳይ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። የፍሬን ዘይት ሲጫኑት አይጨመቅም፤ ስለዚህ የእግራችንን ኃይል ወደ ጎማው ያደርሳል። አየር ግን ይጨመቃል። መካኒኩ ሥራውን ሲጨርስ አየሩን ከመስመሩ በደንብ ካላስወጣው ሹፌሩ ፍሬን ሲረግጥ እግሩ እንደ ጥጥ ይሰምጣል። ሜዳ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ረግጦ ያልፈው ይሆናል። ሰው ጭኖ ቁልቁለት ሲወርድ ግን ሁለተኛ ለመርገጥ ጊዜ የለም።

ይህ ነገር በባጃጅና በአይሱዙ ብቻ የሚደርስ አይደለም። ጃፓን አገር አንድ ትልቅ ቦይንግ 747 አውሮፕላን በ1970 ዓ.ም. ሲያርፍ ጅራቱ መሬት ነክቶ ተጎዳና ተጠገነ። ጠጋኞቹ ከኋላ ያለውን ግድግዳ ሲያያይዙ መጋጠሚያው በሁለት ረድፍ ሚስማር መያዝ ሲገባው ኃይሉን የሚሸከመው አንድ ረድፍ ብቻ እንዲሆን አደረጉት። አውሮፕላኑ ከዚያ በኋላ 7 ዓመት በረረ። ነሐሴ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ግድግዳው ተቀደደ፤ ጅራቱ ተገነጠለ፤ አውሮፕላኑ ተራራ ላይ ወድቆ 520 ሰዎች አለቁ፤ የተረፉት 4 ብቻ ነበሩ። እንግዲህ ልብ በሉ! ስህተቱ ከ7 ዓመት በኋላም ተለይቶ ሊታወቅ የቻለው የጥገናው ሥራ በወረቀት የታዘዘና የተመዘገበ ስለነበረ ነው። መርማሪዎቹ የታዘዘውን ከተሠራው ጋር አስተያዩት። የእኛ ሚኒባስ ዛሬ ገደል ቢገባ ግን ባለፈው ወር ምን እንደተነካካ የሚናገር አንድ መስመር ጽሑፍ አይገኝም። «የእግዜር ቁጣ ነው» ብለን እንቀብራለን። የሰው እጅ ያበላሸውን ሁሉ በፈጣሪ ላይ ማላከክ ግን ነውርም ነው፣ ኃጢአትም ነው።

ዕዳው የማን ነው?

ባለመኪኖች ሆይ፣ እዚህ ላይ ጆሮአችሁን ስጡን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 የሞተር ተሽከርካሪ ባለንብረት ተሽከርካሪው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ሲያሽከረክር የነበረው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ ባለንብረቱ አያመልጥም። ስለዚህ በመካኒክ ስህተት ፍሬን ያጣው ባጃጅ የሰው ልጅ ቢገጭ፣ የተጎጂው ቤተሰብ መጀመሪያ የሚመጣው ወደ እናንተ ነው። «መካኒኩ ነው» ብትሉ እናንተና መካኒኩ በኋላ ትነጋገሩ ይሆናል፤ የምትነጋገሩት ግን በምን ማስረጃ ነው?

«መድን አለኝ» የሚልም አለ። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ የሆነው መድን የሦስተኛ ወገን መድን ነው። መኪናችሁ በሌላ ሰው ላይ ላደረሰው ጉዳት እንጂ ለተበላሸው ሞተራችሁ አምስት ሳንቲም አይከፍልም። «ቦሎ አለኝ» የሚልም አለ። የዓመቱ ምርመራ የሚያሳየው መኪናው ያን ዕለት የነበረበትን ሁኔታ ነው፤ ከምርመራው በኋላ በየጋራዡ የሚፈታውንና የሚገጠመውን አይቶ የሚፈርም መርማሪ የለም።

መኪና የሌላችሁም «የባለሀብት ጣጣ ነው» ብላችሁ አትለፉት። ጠዋት ልጃችሁን በባጃጅ የምትልኩት እናንተ ናችሁ። በመርሳ ገበያ ፍራፍሬ ገዝታችሁ በሚኒባስ የምትመለሱት፣ ለልቅሶ ወደ ግራና፣ ለሕክምና ወደ ደሴ የምትሄዱት እናንተ ናችሁ። ከመርሳ ወልዲያ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ያን ሁሉ መንገድ ነፍሳችሁ በማታውቁት መካኒክ እጅ ነው ያለችው።

ሕጉስ ምን ይላል?

«ያልተጻፈ ውል ውል አይደለም» የሚሉ አሉ፤ ተሳስተዋል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1719 መሠረት ሕግ በተለይ በጽሑፍ ይሁን ካላለ በቀር ውል የተለየ ፎርም አያስፈልገውም። የጋራዥ ስምምነት በቃልም ቢሆን ውል ነው። ቁጥር 2610 ደግሞ ይህን የመሰለው ሥራ ምን ማለት እንደሆነ ያስረዳል፤ ሥራውን የያዘው ሰው ዋጋ እየተከፈለው በራሱ ኃላፊነት አንድ የተወሰነ ውጤት ለማስገኘት ይገባል። «በራሱ ኃላፊነት» የሚለውንና «ውጤት» የሚለውን ሁለት ቃል አስምሩባቸው። ገንዘቡን የምንከፍለው መካኒኩ ቀኑን ሙሉ ከመኪናው ሥር ስለተኛ አይደለም፤ ፍሬኑ እንዲይዝ ነው።

ታዲያ ሕጉ ከእኛ ጋር ከሆነ የሚያሸንፈን ምንድን ነው? የሚያሸንፈን ማስረጃ ማጣት ነው። ቁጥር 2001 ግዴታ ይፈጸምልኝ የሚል ሰው የግዴታውን መኖር ማስረዳት አለበት ይላል። «ፍሬኑን እንድትሠራ ነው የሰጠሁህ»፣ «የለም፣ ዘይት እንድቀይር ነው» ሲባባሉ ዳኛው የማንን ልብ ከፍቶ ይይ? ሕጉ በቃል ያለውን ውል አልናቀም፤ በቃል ያለውን ውል የምንረሳውና የምንክደው እኛው ነን።

ሕጉ ሌላም መንገድ ያሳያል። ውሉ በሚገባ ካልተፈጸመ በቁጥር 1772 እና 1773 መሠረት መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ መስጠት ያስፈልጋል፤ ማስጠንቀቂያውም በጽሑፍ ቢሆን ይበጃል። ተገቢ የሆነ የቀን ገደብ ሊቀመጥበት ይቻላል። ከዚያም በቁጥር 1790 ኪሣራ መጠየቅ ይቻላል። ነገር ግን ቁጥር 1802 በእኛም ላይ ግዴታ ጥሏል፤ ተበዳዩ ጉዳቱ እንዳይብስ የሚቻለውን ማድረግ አለበት። ዘይት እያንጠባጠበ መሆኑን አይቶ «እስከ ቅዳሜ ልሥራባት» ብሎ ሞተሩን ያቃጠለ ሰው የሞተሩን ዋጋ ሙሉ በሙሉ ልቀበል ቢል አይሆንለትም።

በአዋጅ ቁጥር 813/2006 ላይም ሸማቹ በገዛው አገልግሎት ላይ ጉድለት ካገኘ በ15 ቀን ውስጥ አገልግሎቱ ያለ ክፍያ በድጋሚ እንዲሰጠው ወይም የከፈለው ገንዘብ እንዲመለስለት ሊጠይቅ እንደሚችል ሰፍሯል። 15 ቀን! የእኛ ሰው ግን ሁለት ወር ያኮርፍና ከዚያ ወሬውን ቡና ላይ ያወራል። ቡና ላይ የተወራ አቤቱታ የትም አይደርስም።

«ወረቀት መጠየቅ መጠራጠር ነው» ለሚሉ

ዘወትር የሚቀርብልን ተቃውሞ ይኸ ነው፦ «እኛ ወሎዬዎች ነን፤ ተዋውቀን፣ ተጋብተን፣ አብረን በልተን የምንኖር ነን፤ ወረቀት የመጣ ዕለት መተማመን ጠፋ ማለት ነው።» አይ እንግዲህ! ቅሬያችን ስንት ዘመን በፍቅር ያኖረን ለምን ይመስላችኋል? ድስቱም፣ ሳህኑም፣ ድንኳኑም በመዝገብ ስለሚወጣ ነው። ማን ስንት ሳህን ወስዶ ስንት እንደመለሰ ይጻፋል፤ ማንም «ተጠረጠርኩ» ብሎ አኩርፎ አያውቅም። ለሸክላ ሳህን መዝገብ ይዘን ለሰው ነፍስ «በመተማመን» እንላለን? ኧረ ይኸ እንዴት ያለ ፍርድ ነው!

ወረቀቱ የሚጠቅመው ደግሞ ባለመኪናውን ብቻ አይደለም። ጎበዝ መካኒክም በዚህ ልማድ ይበደላል። በጦርነቱ ጊዜ፣ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ከተማችን የደረሰባትን ዝርፊያ የምናውቅ ሁሉ ስንት ባለሙያ ከባዶ እጅ እንደገና እንደጀመረ እናውቃለን። እነዚህን ሰዎች እናከብራለን። ያልነካውን ዕቃ «አንተ ነህ ያበላሸኸው» ተብሎ የሚጨቀጨቅ መካኒክ አለ፤ ሠርቶ ሒሳቡ የተካደ መካኒክ አለ። ለሁለቱም መድኃኒታቸው ያው ወረቀቱ ነው። ወረቀት የሚፈራው ሠርቶ የሚያሳይ ሳይሆን ሳይሠራ የሚቀበል ነው።

«ይኸ የትም የሌለ ነገር ነው» የሚሉም ተሳስተዋል። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1971 ባወጣችው ሕግ ጋራዥ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ግምቱን በጽሑፍ ሰጥቶ የባለመኪናውን ፈቃድ እንዲያገኝ፣ ባለመኪናው ከጠየቀም የወለቀውን ዕቃ እንዲመልስ ደንግጋለች። የዚያው ሕግ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1992 ሲርስ የተባለውን ስመ ጥር ኩባንያ ጋራዦች «ለሰው የማያስፈልገውን ጥገና ሸጣችኋል» ብሎ ከሰሰ። እንዴት ደረሰበት? ሁኔታቸው አስቀድሞ ተመርምሮ የተመዘገበ መኪኖችን እንደ ተራ ደንበኛ ልኮ ነው። የገባውንና የወጣውን አስተያየ፤ ተያዙ። ኩባንያውም ሠራተኞቹ በሸጡት ዕቃ ልክ ጉርሻ የሚያገኙበትን አከፋፈል ለማስቀረት ተገደደ። መካኒክ ከመለዋወጫ ሱቅ በሚያገኘው ኮሚሽን ሲኖር ምን እንደሚመጣ የእኛም ሰው ከዚህ ይማር።

ስለ ሻጭ ወኪሎች ጋራዥ

አንዳንዱ ደግሞ «እኔ የመንደር ጋራዥ አልገባም፤ ከገዛሁበት ኩባንያ ነው የማሠራው» ብሎ ይዝናናል። ነጭ ካፖርትና ኮምፒውተር ያለበት ጋራዥ ሁሉ አይሳሳትም ያለው ማን ነው? እዚያ የሚሠራውም ሰው ነው። ልዩነቱ፣ ስህተት በተገኘ ጊዜ ወኪሉ ከመንደሩ መካኒክ ይልቅ የተማረ መልስ ማዘጋጀቱ ነው። «ውጭ አስነክተኸዋል፣ ዋስትናው ተሰርዟል» ይላል። ባለመኪናው ከወልዲያ እስከ ደሴ 120 ኪሎ ሜትር፣ ወይም እስከ አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ አልጋ ተከራይቶ፣ ሦስት ቀን ተመላልሶ ባዶ እጁን ይመለሳል።

ለዚህም መድኃኒቱ ከወረቀት አይወጣም። የሰርቪስ ደብተራችሁን በየጊዜው ቀን፣ ኪሎ ሜትርና ማኅተም አስደርጉበት። ሲረከቧችሁ የሥራ ማዘዣው ቅጂ ይሰጣችሁ። «ዋስትናው አይሸፍነውም» ካሉ ምክንያቱን በጽሑፍና በማኅተም እንዲሰጧችሁ ጠይቁ። በአፍ «አይሆንም» ማለት ቀላል ነው፤ በማኅተም «አይሆንም» ማለት ግን ያሳስባል። ብዙ ጊዜ እንቢታው ወደ ወረቀት ሲቀርብ ይለዝባል።

ጉዳት ሲደርስ ምን ይደረግ?

1ኛ/ መኪናውን አቁሙ። መብራት ከበራ፣ ዘይት ከፈሰሰ፣ ፍሬን ከሰመጠ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አትንዱ። ለነፍሳችሁም፣ ለመብታችሁም ነው።

2ኛ/ ምንም ሳይፈታ በስልካችሁ ፎቶ አንሡ። የፈሰሰውን፣ የላላውን፣ የተሰበረውን፣ የኪሎ ሜትሩንም ቁጥር አንሡ።

3ኛ/ ተናዳችሁ ለሌላ ጋራዥ ፈጥናችሁ አታስፈቱ። መጀመሪያ የሠራው ጋራዥ መጥቶ እንዲያይ ጥሩት። አልመጣም ካለ ሁለት ምስክር ባለበት ሌላ ባለሙያ፣ ከተቻለም የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የአውቶ መምህር፣ አይቶ ያየውን ጽፎ ይፈርም።

4ኛ/ የተፈታውን ዕቃ አትጣሉ። አሮጌው ዕቃ ምስክር ነው፤ ምስክር አይጣልም።

5ኛ/ ለጋራዡ ማስጠንቀቂያ ጻፉ። ቀን፣ የተሠራውን፣ የደረሰውን ጉዳት፣ የምትጠይቁትንና የምትጠብቁበትን ቀን ገደብ አስፍሩ። በሁለት ቅጂ ይሁን፤ አንዱን አስፈርማችሁ ያዙ፤ አልፈርምም ካለ ምስክሮች ይፈርሙ።

6ኛ/ ሽምግልና ሲባል እሺ በሉ፤ ሽምግልና የአገራችን ወግ ነው። ግን ሽምግልናው በጽሑፍ ይለቅ። «ይስማሙ» ማለት ብቻውን ሽምግልና አይደለም፤ ማን፣ ስንት፣ እስከ መቼ እንደሚከፍል ካልተወሰነ ተበዳዩን ሁለት ጊዜ መበደል ነው።

7ኛ/ እንቢ ካለ ያንን ሁሉ ወረቀት ይዛችሁ ወደ ንግድ ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያም ወደ ፍርድ ቤት ሂዱ። ባዶ እጃችሁን ግን አትሂዱ።

ከዛሬ ጀምሮ ምን እናድርግ?

ለዚህ ሁሉ ባለ ማኅተም ቅጽ፣ ጠበቃ፣ ገንዘብ አያስፈልግም። የተማሪ ደብተር አንድ ቅጠል ይበቃል። ከዚህ በታች ያለውን ገልብጡና በመኪናችሁ ውስጥ አስቀምጡት፦

«ቀን ____ ። የታርጋ ቁጥር ____ ። ኪሎ ሜትር ____ ። መኪናው የገባበት ምክንያት ____ ። እንዲሠራ የታዘዘው ____ ። የሚለወጠው ዕቃ ____ ፤ ዕቃውን የሚያቀርበው ____ ። የእጅ ዋጋ ____ ፤ የዕቃ ዋጋ ____ ። ከዚህ ውጭ የሆነ ሥራ ባለመኪናው ሳይፈቅድ አይሠራም። የወለቀው ዕቃ ይመለሳል። ሥራው ለ____ ቀን ዋስትና አለው። የባለ ጋራዡ ፊርማ ____ ፤ የባለመኪናው ፊርማ ____ ።»

ይኸው ነው። አንብቦ ለመፈረም የአንድ ስኒ ቡና ጊዜ አይፈጅም። ማንበብ የማይችል ባለመኪና ካለ ልጁ ያንብብለት።

ጋራዥ ላላችሁ ወንድሞቻችን ደግሞ እንዲህ እንላለን። ይህን ወረቀት ደንበኛው ሳይጠይቃችሁ እናንተ ቀድማችሁ ስጡ፤ ዋጋችሁን በግልጽ ለጥፉ፤ ፍሬንና መሪ የነካ ማንኛውም ሥራ በዋናው መካኒክ ተነድቶ ሳይሞከር ከግቢ አይውጣ። ይህን ያደረገ ጋራዥ ሰው ፈልጎት ይመጣል። ጎንደር በርም ቢሆን መቻሬ፣ መርሳም ቢሆን ውርጌሳ፣ ስሙ በአንድ ሳምንት ይዳረሳል።

ለማኅበራችንም የምናቀርበው ሐሳብ አለ። በሚቀጥለው ስብሰባ ይህ ጉዳይ አጀንዳ ተይዞለት ይነጋገሩበት። በወረቀት እንሠራለን ያሉ ጋራዦች ስማቸው በፈቃዳቸው በዚህ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። የማንንም ስም ለማጥፋት የሚለጠፍ ግን አይኑር፤ ክስ ያለው በማስረጃ ወደሚመለከተው ይሂድ። የተማሪ ባጃጅ የሚያሽከረክሩ ወጣቶችም የፍሬን ሥራ ባሠሩ ቁጥር ወረቀቱን ለወላጆች እንዲያሳዩ ይጠየቁ። ወላጅም ይጠይቅ፤ መጠየቅ መብቱ ነው፣ ልጁ ናት የተሳፈረችው።

ለሳህን የጻፈ እጅ ለፍሬን መጻፍ አያቅተውም። ነገ ጠዋት ጋራዥ የምትሄዱ ሁሉ፣ ቁልፉን ከኪሳችሁ ከማውጣታችሁ በፊት ወረቀቱን አውጡ!